ከወዲያ በኩል የሚነበብ ቅርፊት

እናቴ ቤርታ ካረፈች ሁለት ክረምት አልፏል። ከእሷ እንዲቀርልኝ የፈለግኩት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ቆዳ የምትፍቅበት አጥንት። ከአጋዘን ቅልጥም የተሠራ፣ ጫፉ እንደ ጥርስ የተሸራረፈ፣ ከአገልግሎት ብዛት እንደ ሳሙና የለሰለሰ ነው። መሃሉ ላይ አውራ ጣቷ ያረፈበት ቦታ ጎድጉዷል። ጣቴን እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ማሳረፍ አማረኝ፤ ሌላ ምኞት አልነበረኝም።

ልጅ ሆኜ ቆዳ ስትሠራ አጠገቧ እጫወት ነበር። ቀና ሳትል እጇን ትዘረጋና "ፔታ!" ትላለች፤ አምጪ ማለቷ ነው። ምን እንደምትፈልግ ስለማትናገር ውሃም ቢላም እያነሣሁ እሮጣለሁ። አንድ ቀንም አግኝቼላት አላውቅም፤ ትስቅብኛለች።

ችግሩ፣ አጥንቱን ግሌንዳም ፈለገችው። ግሌንዳ የእናቴ ታናሽ የእማ ሔስተር ልጅ ናት። በእኛ በክሪ ሕዝብ ዘንድ የእናት እህት እናት ስለሆነች ግሌንዳ እህቴ ናት፤ እህት ደግሞ እንዴት እንደምታበሳጭ ታውቃላችሁ። "እናቴ የፋቀችበት ነው" ትላለች። "የእናቴ ነው" እላለሁ። አጥንቱ እማ ሔስተር ቤት መደርደሪያ ላይ ተጋድሞ እኛ ተኳርፈን ከረምን።

አንድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንግዳ ሰባኪ መጣ። እማ ሔስተር እንደ ልማዷ የመዝሙር መጽሐፏን ዘቅዝቃ ይዛ ትዘምራለች። ሰውየው ማንበብ የማትችል መስሎት ቀስ ብሎ አቃናላት። እሷም ቀስ ብላ መልሳ ዘቀዘቀችው። እኛ ለምደነዋል፤ ለምን እንደሆነ ጠይቆ የሚያውቅም የለም። ግሌንዳና እኔ በዚያች ደቂቃ ኩርፊያችንን ረስተን ሳቃችንን በመሐረብ አፈንን።

እማ ሔስተር ስትወጣ ሁለታችንንም ጠራችን። "ደብቄዋለሁ" አለች።

"ምኑን እማ?" አለች ግሌንዳ።

"አጥንቱን ነዋ። በዚያ በአንቺ ጨዋታ። ያገኘች ትውሰደው። ተጣልታችሁ ከመጣችሁ ግን ወንዝ ውስጥ ነው የምወረውረው።"

የግሌንዳ ጨዋታ ጂኦካሺንግ ይባላል። ሰው አንድ ሣጥን ጫካ ውስጥ ይደብቅና ቦታውን በቁጥር ኢንተርኔት ላይ ያስቀምጣል፤ ሌላው በስልኩ እየተመራ ይፈልጋል። ትልልቅ ሰዎች ናቸው እንዲህ የሚያደርጉት። እማ ሔስተር የደበቀችበትን ቦታ ቁጥር ለሁለታችንም የላከልን የግሌንዳ ባል ሬድፈርን ነው፤ በጀልባ የወሰዳትም እሱ። ግሌንዳ ብትለምነው፣ ብታስፈራራው፣ እራት ብትከለክለው ትንፍሽ አላለም።

ያለን ጀልባ አንድ ነው። እሷም እኔን ብቻዬን አትልከኝ፣ እኔም እሷን አላምናት፤ አብረን ሄድን። ወንዙን ሽቅብ ቀዘፍን። ስልኩ ያወረደን ከመታጠፊያው በላይ፣ አያቶቻችን ድንኳን ይተክሉበት ከነበረው ሜዳ ላይ ነው። የምድጃው ድንጋዮች ዛሬም ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል። ከምድጃው መሃል የበርች ዛፍ ቅርፊት ተዘርግቶ በአራት ጠጠሮች ተይዟል፤ በላዩ ላይ በክሪ ፊደላችን አራት ምልክቶች ተጭረዋል።

"በይ እንግዲህ፣ የመዝሙር ንግሥት" አለችኝ ግሌንዳ። ፊደላችንን አታውቅም። እኔ ግን ከልጅነቴ እየዘመርኩበት ነው ያደግሁት፤ ደረቴን ነፋ አደረግሁ።

"ፔ... ኦ... ቶ... አ። ፔኦቶአ።"

"ምን ማለት ነው?"

"ቆይ።"

"አታውቂውም።"

"ቆይ አልኩሽ እኮ! 'ፔ' ወደዚህ ማለት ነው። ወደዚህ ኑ እያለች ነው። ቀሪው የሰው ስም ሊሆን ይችላል።"

ወደዚህ ከተባለ የቆምኩበት መሆን አለበት ብዬ ከወንዙ በኩል ያለውን መሬት እቆፍር ጀመር። ጥቁር ዝንቡ ጆሮዬ ውስጥ ገባ፤ ጥፍሬ ተሰበረ። ከአንድ የቆርቆሮ ክዳን በስተቀር ያገኘሁት ነገር የለም። ግሌንዳ ሽቅብ ቁልቁል ብላ ስልኳን ስታወዛውዝ ቆየችና ሰለቻት፤ ከምድጃው ወዲያ ማዶ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ዘፍ ብላ ባኖክ ዳቦዋን አወጣች።

"ብይ፣ ብይ" አልኳት። "እኔ ልቆፍርልሽ።"

"ማን ቆፍሪ አለሽ? ከወዲህ ሲያዩት እኮ ድንኳን ይመስላል።"

"ምኑ?"

"ያ የመጨረሻው። ጣሪያ ነው።"

"የመጀመሪያው ማለትሽ ነው። ጣሪያ አይደለም፣ ቅል ነው፤ አፉ ወደ ላይ ነው።"

"ዓይን አለኝ፣ ዶርካስ። ጣሪያ ነው፣ የመጨረሻም ነው።"

ልመልስላት አፌን ስከፍት ደነገጥኩ። የእኛ ፊደል ሲዘቀዘቅ አይበላሽም፤ ሌላ ፊደል ይሆናል እንጂ። አፉ ወደ ላይ የሆነው "ፔ" ነው፤ ያው ራሱ ሲደፋ "ፒ" ይሆናል። ስለዚህ የተገለበጠ ጽሑፍ መገለበጡን ራሱ አይነግርህም። እና ማን ነው ገልብጦ የሚያነብ?

እናቴ የነገረችኝ ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። ድንኳኑ ውስጥ አንድ መጽሐፍ ብቻ ነበር። ታላቋ እሷ ስለሆነች መጽሐፉ ወደ እሷ ዞሮ ይቀመጣል፤ ሔስተር ፊት ለፊቷ ቁጭ ብላ ከወዲያ በኩል እያየች ፊደል ቆጠረች። እንደዚያው ዘቅዝቃ ተማረች፣ እንደዚያው ዘቅዝቃ ቀረች። ስትጽፍም እንደዚያው ነው።

"አትነሺ!" አልኳት። "ከግራ ጀምረሽ ያየሽውን ንገሪኝ።"

"ምን ሆንሽ?"

"ንገሪኝ በእናትሽ!"

"እሺ፣ እሺ። ዝግ ሦስት ማዕዘን፣ አፍንጫው ወደ ቀኝ።"

"ኦ።"

"ግማሽ ክብ፣ አፉን ወደ ቀኝ የከፈተ።"

"ታ።"

"ደግሞ ሦስት ማዕዘን፣ አሁን አፍንጫው ወደ ግራ።"

"አ።"

"ከዚያ ያልኩሽ ድንኳን።"

"ፒ። ኦታ አፒ። ኦታ... አፒ!"

ፊደሉን አታውቅም እንጂ ቋንቋውን ታውቃለች። የጎረሰችው ባኖክ አፏ ውስጥ ቀረ።

"እዚህ ተቀመጪ" አለች። "ተቀምጬ የለ እንዴ?"

ሁለታችንም ወደ ድንጋዩ አየን። ከዚያ ሁለታችንም አንድ ላይ ተጣደፍን፤ ራሳችን ተጋጨ። ድንጋዩን ስንገለብጠው ከሥሩ የሻይ ቆርቆሮ፣ በቆርቆሮው ውስጥ በፍላነል ጨርቅ የተጠቀለለው አጥንት ነበር።

"እኔ ነኝ የተቀመጥኩበት" አለች ግሌንዳ።

"እኔ ነኝ ያነበብኩት" አልኳት።

ብንናገረውም ጣዕም አልነበረውም። እኔ የቆምኩት በእማ ሔስተር ቦታ ነው። እሷ እዚያው ተንበርክካ፣ እንደ ተማረችው ለራሷ ዘቅዝቃ፣ ማዶ ለተቀመጠ ሰው ጽፋለች። ማዶ የተቀመጠው ሁልጊዜ እናቴ ነበረች። የእሷን ድንጋይ ደግሞ ግሌንዳ አገኘችው። ልናደድ ፈልጌ እንባዬ ቀደመኝ።

"ያዥው በቃ" አለችኝ ግሌንዳ። "መጀመሪያ አንቺ ያዥው።"

አውራ ጣቴን ጉድጓዱ ላይ አሳረፍኩ። ልክክ አለ። አገላብጬ ሳየው ግን በጀርባው ሌላ ጉድጓድ አለ፤ የባሰ የጠለቀ። ስንት ዓመት ሳየው አላስተዋልኩትም፤ እናቴ በያዘችው ጎን ብቻ ነበር የማየው። ግሌንዳ እጇን ዘረጋች፣ ጣቷን አስገባች።

"የግራ እጅ ነው" አለች ቀስ ብላ። "እናቴ ግራኝ ናት።"

ወደ ቤት ስንመለስ እማ ሔስተር ማን አገኘው ብላ አልጠየቀችም። የጠየቀችው ተጣልታችሁ ነው ወይ ብላ ነው። ግንባራችን ላይ ያለውን እብጠት አይታ ሳቀች።

በሳምንቱ ሬድፈርን አጋዘን ገደለ። ቆዳውን በግሌንዳ ግቢ ወጥረን ከሁለት ወገን ቆምን፤ እማ ሔስተር ብርድ ልብስ ደርባ ጀርባዋን ሰጥታን ወደ ወንዙ ዞራ ተቀምጣለች። አጥንቱ አንድ ነው፤ ግሌንዳ ስትፍቅ እኔ እየጠበቅሁ እገትራለሁ። ቆይታ አበዛችው። ቀና ሳልል እጄን ዘረጋሁ።

"ፔታ!"

እናቴ ያን ሁሉ ዘመን እኔን እንዳልነበረ የጠራችው ያን ጊዜ ገባኝ። ውሃም ቢላም አልነበረም የምትፈልገው፤ ከቆዳው ማዶ፣ ከእህቷ እጅ፣ አጥንቱን ነበር። ግሌንዳ አጥንቱን በቆዳው ላይ አሻግራ ሰጠችኝ።

እማ ሔስተር ከወንበሯ ተነሥታ ነበር። ያቺን የተቆለመመች ግራ እጇን ዘርግታለች፤ ባዶ ናት፣ የምታቀብለው የላትም። መዳፏን አየችው፣ ከዚያ እኔን አየችኝ።

"እስቲ ድገሚው" አለችኝ።