ሰሊማ ያሰረችው ሻሽ

"ሳሊህ! ኧረ ተነስ፣ የአስር ሶላት አለፈህ እኮ!"

ሰሊማ የባሏን ትከሻ ነቀነቀች። ሳሊህ አንኮራፋ እንጂ አልነቃም። የሁለቱንም ዓይኖቹን ቆብ ገለጥ ብታደርግ አንዱ ብሌን ከሌላው ሰፍቷል። ክው አለች።

ጠዋት ሐይቁ ዳር፣ የሠራውን አዲስ ጀልባ ወደ ውኃ ሲገፉ የድጋፉ ግንድ ተስፈንጥሮ ጆሮ ግንዱን መትቶት ነበር። ለጥቂት ጊዜ ራሱን ስቶ ተነሣ። ደም የሚባል አልታየም። በሰፈሩ ደግሞ ራሱን የተመታ ሰው ካልደማ "አልሐምዱሊላህ" ይባልና በሻሽ ጥፍንግ ተደርጎ ይተኛል። ሳሊህም እየሳቀ ጀልባውን ውኃ ላይ አስቀምጦ ቤቱ ገባ። ሻሹን አጥብቃ ያሰረችለት ራሷ ሰሊማ ናት። ከዚያም እንቅልፉን ስትጠብቅ ዋለች፤ ጠያቂውን ሁሉ "ይረፍበት" እያለች ከደጅ መለሰች፣ ዶሮዎቹን ሳይቀር አባረረች።

አሁን ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ቆማለች። ወጣቷ ሐኪም ፀደንያ የሳሊህን የራስ ምርመራ ፎቶ ከፊቷ ዘረጋችላት።

"ይኼ ነጩ የራስ ቅሉ ነው፣ እናቴ። ከሥሩ ጠንካራ ሽፋን አለ፤ አንጎል ያለው ከሽፋኑ ውስጥ ነው። ሲመታ አጥንቱ ሥር ያለች የደም ሥር ተበጥሳለች። ደሙ በአጥንቱና በሽፋኑ መካከል ተጠራቅሟል።"

"አንዲት ጠብታ እንኳ አልወጣውም እኮ!"

"መውጫ አጥቶ ነው። አጥንት አይለጠጥም፤ ስለዚህ ደሙ አንጎሉን ወደ ታች እየተጫነው ነው።"

"እኔ ደግሞ እንቅልፉን ስጠብቅለት ዋልሁ።"

ፀደንያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "እንቅልፍ አልነበረም፣ እናቴ።"

ሐኪሟ የቀዶ ሕክምናውን የፈቃድ ወረቀት ስታቀርብላት የሰሊማ ስልክ ጮኸ። የሳሊህ ታላቅ ወንድም አብዱልሃኪም ነበር፣ ከጎርጎራ። እሱ ሳይመክርበት በዚያ ቤት ሠርግም ሆነ ሕክምና ተቆርጦ አያውቅም። የሳሊህ ራስ ሊከፈት መሆኑን ነገረችው።

"እኔ ሳልደርስ አናቱን የሚነካው እንዳይኖር!" አለ። "ራሱ ተከፍቶ ደህና የሆነ ሰው አይተሻል? ነገ በጠዋት እመጣለሁ።"

"ጋሼ፣ ሐኪሟ ግን…"

"ነገ አልሁሽ!" ዘጋው።

"እስከ ነገ አይቆይም" አለች ፀደንያ። "አሁኑኑ አጥንቱን ከፍተን ደሙን ማውጣት አለብን።"

"ብትከፍቱትስ ይድናል?"

"እርግጠኛ ሆኜ ልነግርዎ አልችልም። ካልከፈትነው ግን ይሞታል።"

ሰሊማ ፎቶውን ደግማ አየችው። የሚያፈስ ጀልባ ባለቤቶች ቀለሙን እያሳዩ ደህንነቱን ሲምሉለት፣ ሳሊህ "ቀለሙን ተዉትና ወለሉን አንሡልኝ፤ ውኃው ያለው ከሥሩ ነው" ነበር የሚላቸው። እስክሪብቶውን ተቀበለች። ፈረመች።

ስልኩ እንደገና ጮኸ። አብዱልሃኪም ነው። ገልብጣ አግዳሚው ላይ አስቀመጠችው።

ነርሷ የሳሊህን ፀጉር ለመላጨት መጣች። ሐኪሞቹ እብጠቱን ሲያዩ ወደ ላይ የገፉት ሻሽ አሁንም ግንባሩ ላይ አለ። ነርሷ በመቀስ ልትቆርጠው ስትል ሰሊማ እጇን ያዘቻት።

"ተይው፤ ያሰርሁት እኔ ነኝ።"

ቋጠሮው ጠብቆ ነበር። ጎንበስ ብላ በጥርሷ ፈታችው።