መንገድ ላይ የተደፋው አተላ

«ምንም እንዳትነግራት!» አለች እናቴ፣ ወረፋ ይዘን ሳለ የአባቴን ክንድ ቆንጥጣ። «ጎበዝ ሐኪም ከሆነች ከእጅህ ታግኘው።»

በእኛ ከተማ ሁሉም እንዲህ ነው የሚያደርገው። የባህል ሐኪም ፊት ቁጭ ብለን የልብ ምታችን እንዲዳሰስ እጃችንን ትንሽ ትራስ ላይ እንዘረጋና ዝም እንላለን። በሽታውን ራሱ ያገኘ ይታመናል፤ የጠየቀ ይጠረጠራል። ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ ወዲህ ይህ ልማድ አይጥመኝም። ያን ቀን ግን እኔም ዝም አልኩ።

አባቴ ሠላሳ ዓመት የከተማ አውቶቡስ ነድቶ ጡረታ የወጣ፣ ተሳፋሪው ሁሉ የሚወደው ቀልደኛ ሰው ነው። ከመንፈቅ ወዲህ ግን ጉሮሮው ላይ የሆነ ነገር ተቀርቅሮበታል። ሆስፒታል ወስደነው በካሜራ ቢያዩት ምንም የለም አሉን።

ሐኪሟ ዶክተር ሺ ዕድሜያቸው ከሰባ ያለፈ ሴት ናቸው። ሦስት ጣታቸውን የአባቴ አንጓ ላይ አሳርፈው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከግራው ወደ ቀኙ ተሻገሩ። ምላሱን አስወጥተው አዩ።

«ጉሮሮዎ ላይ እንደ ፕሪም ፍሬ ያለ ነገር አለ። አይዋጥም፣ አይተፋም» አሉ።

እናቴ በደስታ ጭኔን መታችኝ። አገኙት!

«ፍሬ ግን የለም። የልብ ምትዎ እንደተወጠረ ጅማት ነው፤ ስሜት የሚያልፍበት የጉበትዎ መንገድ ተዘግቷል። እጅዎ በዚህ ሙቀት በረዶ ሆኗል። ይህ የታፈነ ሐዘን ነው፣ አቶ ጓን።»

«ሐዘን? ይሄ?» እናቴ ሳቀች። «ትናንት እንኳን ጎረቤቱን ሁሉ ሲያስቅ ነው ያመሸው!»

«ጉበቴ እሷን ፈርቶ ነው በሩን የዘጋው» አለ አባቴ። ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ሳቀ።

ዶክተር ሺ አልሳቁም። «ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ ይነቃሉ?»

«እንደ አሳማ ነው የምተኛው።»

«እጅዎ እንደዚያ አይልም።» ይህን ብለው ወደ እኔ ዞሩ።

ሌሊት ሌሊት ወጥ ቤት ውስጥ ብቻውን ተቀምጦ አይቼዋለሁ። መናገር እችል ነበር። ግን ፈተናው የእሳቸው እንጂ የእኔ አይደለም ብዬ አንገቴን ደፋሁ።

የሰጡን መድኃኒት ቅጠል፣ ልጣጭና ሥር የተቀላቀለበት ነበር። «ይህን ሥር» አሉ ከውስጡ አንዱን አንስተው፣ «ከሌላው በፊት ለብቻው ብዙ ሰዓት ያፍሉት። ሳይበስል መርዝ ነው።»

አባቴ ማፍላቱን ለማንም አልተወም። «ሠላሳ ዓመት ሞተር ያልፈላብኝ ሰው ድስት ያቅተኛል?» ይል ነበር። እናቴ ጠዋት ጠዋት የፈላውን መድኃኒት አተላ በራችን ላይ፣ መንገዱ መሃል ትደፋዋለች። አላፊ አግዳሚው ረግጦ በሽታውን ይዞት ይሄዳል ይባላል። እኔ ቆሻሻ ነው እያልኩ እጨቃጨቃት ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት አንድ ጠዋት በሩ ተንኳኳ። ዶክተር ሺ የጎመን ዘንቢላቸውን እንደያዙ ቆመዋል። ጃንጥላቸው ጫፍ ላይ እርጥብ ቅጠል ተጣብቋል።

«መድኃኒቱን ማነው የሚያፈላው፣ ልጄ?»

«አባቴ ነው።»

«ትናንት ሳልፍ አተላውን አይቼ፣ ዓይኔ ነው ብዬ ተውኩት። ዛሬ ጎንበስ ብዬ በትኜ አየሁት። ቅጠሉ አለ፣ ልጣጩ አለ። ሥሩ የለም።»

መጀመሪያ አልገባኝም። ከዚያ «ሳይበስል መርዝ ነው» ያሉት ትዝ አለኝ። ወደ ውስጥ መራኋቸው።

ወጥ ቤት ስንገባ አባቴ ድስቱን እያማሰለ ነበር። እናቴ ሽንኩርት ትከትፋለች።

«አባዬ፣ ሥሩ የት አለ?»

«በላሁት» አለና ፈገግ አለ። ማንም አልሳቀም። ፈገግታው ፊቱ ላይ ትንሽ ቆይቶ ጠፋ። ከዚያ ቀና ብሎ መደርደሪያውን አየ። ሹፌር ሳለ ሻይ ይይዝበት የነበረው የጠርሙስ ዕቃ እዚያ ተቀምጧል። አወረድኩት። እስከ አንገቱ በዚያ ሥር ሞልቷል። አንድም ሳይጎድል፣ ደርቆ፣ በሥርዓት ተደርድሮ።

እናቴ ቢላዋው ከእጇ ወደቀባት። «አንተ ሽማግሌ…» አለች።

 ሃያ ቀን ያህል በዚያ መደርደሪያ ሥር ቁርሴን በልቻለሁ። በቀልዱም ስቄያለሁ።

ዶክተር ሺ ጠርሙሱን ተቀብለውኝ ከጎመኑ ሥር ቀበሩት። ወንበር ስበው ከአባቴ ፊት ለፊት ተቀመጡ። አባቴ እንደለመደው እጁን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። 

እጁን ቀስ ብለው ወደ ጭኑ መለሱለት።

«አይ፣ ወንድሜ። ዛሬ እጅህን አልፈልግም። የእኔ ጣት የማይበቃው ነገር ነው፤ አሁኑኑ ተነስተን የአእምሮ ሐኪም ዘንድ አብረን እንሄዳለን። ከዚያ በፊት ግን አንዴ በአፍህ ንገረን።»

እናቴን አየኋት። አትንገራት ያለችው እሷ ናት። ተንበርክካ ጉልበቱን ያዘች። «ንገራቸው» አለች። «ኧረ በናትህ፣ ንገራቸው።»

አባቴ ምራቁን ለመዋጥ ታገለ። 

«ሰባት ሰዓት ላይ እነቃለሁ» አለ። «ሁልጊዜ።»