ሰባቱ ቀዳዳዎች

የሴትዮዋ ሥራ ፎቅ ሊሠራበት የታሰበ መሬት ላይ ቀድማ ቆፍራ፣ ከሥሩ ቅርስ መኖር አለመኖሩን አረጋግጣ መጻፍ ነበር። ባለፎቆች ይቀጥሯታል፤ ምንም እንዳታገኝም በሆዳቸው ይሳላሉ።

ያን ሰሞን የቀጠራት «ጋሼ ፎቁ» የሚባል ሰውዬ ነው። በአራተኛው ቀን ጉድጓዱ አፍ ላይ ቁጢጥ ብሎ ሲያያት፣ በብሩሽ ከምትጠርገው አፈር ሥር አንድ ረጅም የለሰለሰ ድንጋይ ብቅ አለ። ሰባት ክብ ቀዳዳዎች በተርታ ተፈልፍለውበታል፤ ከሥሩ ቦይ ያልፋል።

«ምንድን ነው?»

«ሽንት ቤት ነው፣ ጋሼ። ሺህ ዓመት ሳያልፈው አይቀርም።»

«የሰባት ሰው?»

«ባንድ ጊዜ።»

ሰውዬው ራሱን ያዘ። «እባክሽ እህቴ፣ ለሽንት ቤት ብዬ አሥራ ሁለት ፎቅ ልተው? ሰው ምን ይለኛል? ዙፋን ነው በይልኝ!»

«ዙፋን ቀዳዳ የለውም» አለችና ያየችውን ጻፈች።

ከቅርስ ቢሮ ሰባት አባላት ያሉት ኮሚቴ መጣ። ሰዎቹ ሆድና ጀርባ ነበሩ፤ ሁለት ዓመት ሲሰበሰቡ አንድ አጀንዳ ቋጭተው አያውቁም። እዚያም እንደ ልማዳቸው ተጣሉ። ግማሹ ችሎት ነው አለ፣ ግማሹ የዘፋኞች መቀመጫ። በመጨረሻ ሰብሳቢዋ ጉልበቷን ቢያማት አንዱ ቀዳዳ ላይ ቁጭ አለች። ስድስቱም ተከተሏት።

ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው ስለተቀመጡ መቆጣት አቃታቸው። አዛውንቱ አባል የኮሚቴውን ጸሐፊ ላለፈው ስድባቸው ይቅርታ ጠየቁ። እስከ ምሳ ሰዓት የሁለት ዓመቱ አጀንዳ ሁሉ አለቀ። ፎቁ ይሠራ፣ ድንጋዩ ባለበት ይቆይ፣ ምድር ቤቱ የኮሚቴው መሰብሰቢያ ይሁን፤ ሪፖርቱም ላይ «ጥንታዊ ምክር ቤት» ተብሎ ይታረም አሉ።

«ኧረ ቦዩን እዩት!» አለች ሴትዮዋ።

ሰብሳቢዋ በፍቅር አየቻት። «ልጄ፣ አንቺ የምታዪው ከሥር ነው። እኛ ከላይ ነን።»

ሴትዮዋ አልፈርምም አለች። ማንም አልተቆጣትም፤ ተቃውሞዋን በሙሉ ድምፅ ተቀብለው ከሪፖርቱ ጋር አያያዙት።

ፎቁ ቆመ። ጋሼ ፎቁ የመኪና ማቆሚያ ሊያስፈቅድ ወደ ምድር ቤቱ ወረደ። ሰባቱ በየቀዳዳቸው ተቀምጠው በትሕትና ሲያደምጡት፣ እሱ ባርኔጣውን ይዞ ግድግዳ ተደግፎ ሁለት ሰዓት ቆመ። በማግስቱ ወደ ሴትዮዋ ቢሮ ሄደ።

«እህቴ፣ ስምንተኛ ቀዳዳ የለም እንዴ?»

ሴትዮዋ ልትስቅ ብላ ተወችው። ድንጋዩ በአንድ ወገን የት እንደሚያልቅ እሷም አታውቅም ነበር።

«ሊኖር ይችላል። ግን ያለው ከዋናው ምሰሶ ሥር ነው፣ ጋሼ። ምሰሶው ካልፈረሰ አይታይም።»

«ይፍረሳ!» አለ ሰውዬው።