የማርጎ ሞተርና የእኔ እጆች

የሮኬት ክበባችንን አስራ አንደኛ ደንብ የጻፍኩት እኔ ነኝ። «ዕድሜው ከአስራ ስምንት ዓመት በታች የሆነ ማንኛውም አባል የሮኬት ሞተር በእጁ አይነካም» ይላል። አጭርና ግልጽ ነው። ሠላሳ ሦስት ዓመት ሙሉ፣ በሎርና ታይከርት የግጦሽ ሜዳ ላይ ሮኬት ሊተኩስ የመጣ ልጅ ሁሉ አስሩንም ጣቶቹን ይዞ ወደ ቤቱ ገብቷል። ስለዚህ የገዛ የልጅ ልጄ «ይሄ ደንብ ይሻርልኝ» ብላ ለክበባችን የሁለት ገጽ ደብዳቤ ስትጽፍ፣ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አንብቤ ኪሴ ውስጥ ከተትኩትና ሣር ላጭድ ወጣሁ። ስናደድ ሣር አጭዳለሁ። በዚያ ሳምንት የጎረቤቶቼንም አጨድኩላቸው።

ማርጎ አስራ አምስት ዓመቷ ነው። ብርዱን ወራት ሙሉ ከካርቶን ቱቦና ከሙጫ ጋር ስትታገል ከርማ፣ ከራሷ ቁመት የምትበልጥ ሮኬት ሠርታ ብርቱካናማ ቀለም ቀብታታለች። የምትፈልገው የመጀመሪያውን የብቃት ወረቀት ነው። እሱን ለማግኘት ሞተሩን ራሷ መገጣጠም፣ ራሷ መተኮስና ሮኬቷን ሳትሰበር መልሳ ማምጣት አለባት። አገር አቀፉ ማኅበር፣ ወረቀት ያለው አዋቂ አጠገቧ እስከቆመ ድረስ ይፈቅዳል። የማይፈቅደው የእኛ ክበብ ነው። የእኛ ክበብ ማለት ደግሞ፣ ስለ ደኅንነት ከሆነ፣ እኔ ነኝ።

የዓመቱ የመጨረሻ የተኩስ ቀን ደረሰ። ከዚያ በኋላ የሎርና ላሞች ወደ ሜዳው ስለሚገቡ እስከ መጋቢት ድረስ ማንም ምንም አይተኩስም። ማርጎ ቁርጡን በስልክ ነግራኛለች።

«አባባ፣ ቅዳሜ እምቢ ካላችሁ የትምህርት ቤቱ ሩጫ ቡድን ውስጥ እመዘገባለሁ።»

«አንቺና ሩጫ ምን አገናኛችሁ?»

«እዚያ ቢያንስ በእግሬ የምሮጠው ራሴ ነኝ።»

ስልኩን ዘግቼ አባቷን አሰብኩ። አባቷ ክሌይ፣ ማለትም ልጄ፣ በዚሁ ሜዳ ላይ ነው ያደገው። አስራ ሰባት ዓመት ሲሞላው ጥሎኝ ሄደ፤ ከዚያ ወዲህ ሮኬት ቀና ብሎ እንኳ አላየም። አሁን ዊቺታ ከተማ ውስጥ ኢንሹራንስ ይሸጣል። በየወሩ ማርጎን ያመጣትና ፒካፑን አጥሩ ጥግ አቁሞ፣ ባርኔጣውን ፊቱ ላይ ደፍቶ ይተኛል። ማርጎም ከሄደች ከእኔ ዘር አጠገቤ ቆሞ ወደ ሰማይ የሚያንጋጥጥ ሰው አይኖርም። ይሄን አሳምሬ አውቃለሁ። ግን የአክስቴን ልጅ የኤልሮይን እጅም አውቃለሁ። ልጆች ሳለን የውሃ ቧንቧ ቁራጭ ውስጥ ራሱ የቀመመውን ባሩድ ሲጠቀጥቅ ሁለት ጣቶቹን አጣ። ዛሬም ቢራ ሲያዝ ያንን እጁን ዘርግቶ «አምስት» ይላል፤ አስተናጋጆቹም ሦስት ያመጡለታል።

ቅዳሜ ጠዋት ነፋሱ ቀለል ያለ፣ ሰማዩም የጠራ ነበር። ማርጎ ፒካፑ በቅጡ ሳይቆም ዘላ ወረደች።

«ደህና አደርክ አባባ! ደብዳቤዬ ደረሰህ?»

«ደርሶኛል። ስህተት አለበት።»

«የቱ ጋ?»

«ስምሽን የፈረምሽበት ጋ። ከአስራ ስምንት ዓመት በታች ነሽ።»

«በጣም ያስቃል። ሄደህ ለሎርና ንገራት፣ እሷ ትስቅልሃለች።»

ሎርና የሜዳው ባለቤትም የክበቡ ሊቀመንበርም ናት። በእኔ ነገር ስትስቅ ያየኋት የላም ገንዳ ውስጥ የወደቅኩ ዕለት ብቻ ነው።

ረፋዱ ላይ ሃያ የምንሆን ሰዎች ረጅሙን ጠረጴዛ ከበብን። ሎርና በአንድ እጇ የቺሊ ወጥ የሚያማስል ጭልፋ፣ በሌላው የማርጎን ደብዳቤ ግልባጭ ይዛለች።

«ከምሳ በፊት ድምፅ እንሰጣለን» አለች። «ዌንደል፣ አንተ ቀድመህ ተናገር። ባልፈቅድልህም መናገርህ አይቀርም።»

የኤልሮይን ታሪክ ነገርኳቸው። ሁሉም ቢያንስ አስር ጊዜ ሰምተውታል፤ ቢሆንም ቢራው ጋ ስደርስ ሳቁልኝ። ማርጎና ሎርና ግን አልሳቁም።

«አባባ፣ ኤልሮይ አጠገብ አዋቂ ሰው ነበር?»

«ከየት መጥቶ!»

«ሞተሩስ ፋብሪካ የሠራው ነበር?»

«የአክስቴ ጓዳ ፋብሪካ ካልተባለ በስተቀር።»

«ደረጃ በደረጃ ተጽፎ የሚነበብ ዝርዝርስ ነበረው?»

«ኤልሮይ ዛሬም ቢሆን ሜኑ አያነብም።»

«ታዲያ ይሄ ደንብ ለኤልሮይ ነው የወጣው፤ ለእኔ አይደለም።»

ሰው ሁሉ «ልክ ናት» በሚል ጭንቅላቱን ነቀነቀ። ክርክር እየተሸነፍኩ መሆኑን ሳውቅ ወደ ሥራ መግባት ልማዴ ነው። «ወሬ ከማበዛ ላሳያችሁ» ብዬ ለማርጎ ሮኬት የመጣውን ሞተር ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍኩት። የብረት ቀፎ፣ ሦስት ጥቅልል ደረቅ ነዳጅ፣ የኋላና የፊት መክደኛ፣ በግራሶ የሚታሹ ሦስት የጎማ ቀለበቶች። ቀለበቶቹ እሳቱ ማምለጥ በሌለበት በኩል እንዳያመልጥ የሚያደርጉ ናቸው፤ ሌላው ሁሉ ቢያምር ያለ እነሱ ዋጋ የለውም።

«አንቺ እዚያ ጫፍ ላይ ቁሚ» አልኳት። «እጅሽን ወደኋላ። በአይን ብቻ።»

እጇን ወደኋላ አጣምራ ቆመች። እኔ ጓንቴንና መነጽሬን አድርጌ ጀመርኩ። እያንዳንዷን ዕቃ እያነሳሁ ሳስረዳ እግረ መንገዴን የገንዳውን ታሪክ አወራሁ፤ ቀጥሎ አንድ ጊዜ የክበባችን ነባር አባል የበርት ሮኬት ቤተ ክርስቲያኑ መኪና ማቆሚያ ላይ ያረፈችበትን፤ በርት በበኩሉ ቤተ ክርስቲያኑ አልነበረም፣ ባንኩ ነው ብሎ ተከራከረ፤ ለእሱም መልስ ሰጠሁት። የፊቱን መክደኛ አጥብቄ አሰርኩና ሞተሩን ከፍ አድርጌ አሳየኋቸው።

«አለቀ! አርባ ዓመት ሙሉ እንዲህ ነው የሠራሁት። ይህቺ ታዲያ የልጅ ሥራ ናት?»

ያጨበጨቡም ነበሩ።

«አባባ፣ መናገር ይፈቀዳል?» አለች ማርጎ።

«እስካልነካሽ ድረስ ተናገሪ።»

«ቀኝ እጅጌህን እየው።»

አየሁት። የሸሚዜ እጅጌ ጫፍ ላይ ከሦስቱ ቀለበቶች ቀጭኗ በግራሶ ተለጥፋ ጸሐይ ላይ ታብረቀርቃለች።

ሞተሩን ጠረጴዛው ላይ መልሼ አስቀመጥኩት። ያ ሞተር ቢተኮስ ኖሮ እሳቱ ወደፊት ያፈተልክና የማርጎን የወራት ልፋት አየር ላይ ከውስጥ ያቃጥለው ነበር። ሮኬቷ ፓራሹቷን ሳትዘረጋ የት ላይ እንደምትወድቅ ደግሞ ማን ያውቃል። አርባ ዓመት የሠራው ዌንደል፣ የደኅንነት ኃላፊው፣ የደንቡ ጸሐፊ! ጠረጴዛው ዙሪያ ያለ ሰው ሁሉ እጅጌዬ ላይ አፈጠጠ። በርት ብቻ «ባንኩ ነው» አለ በለሆሳስ።

«እንዴት አየሻት?» አልኳት።

«መንካት ስለተከለከልኩ ቆጠርኩ። ሁለት ታሪክ አወራህ፣ አንዴ ተከራከርክ፤ ሁለት ቀለበት ገባ።»

ይሄኔ ሎርና ሳቀች። ሁለተኛ ጊዜዋ ነው። ጭልፋዋን ጥላ፣ ጠረጴዛውን ተደግፋ፣ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ከኋላዬ ሌላ የወንድ ሳቅ ሰማሁና ዞር አልኩ፤ ክሌይ ነው። የቺሊው ሽታ ቀስቅሶት ሳህን ይዞ ቆሟል።

«እኔም እቆጥር ነበር፣ አባዬ» አለኝ።

«ምኑን?»

«ቀለበቱን። እሷ አሁን የቆመችበት ቦታ ላይ እጄን ወደኋላ አጣምሬ ስንት ዓመት ቆሜያለሁ። አንድ ሁለቴ ሲያመልጥህም አይቻለሁ።»

«ታዲያ ምነው አትነግረኝም ነበር?»

«አንዴ ነገርኩህ። 'ዝም ብለህ የመተኮሻውን ባትሪ ያዝ' አልከኝ። ከዚያ በኋላ መቁጠር ተውኩ።»

ሳይቆጣና ሳያማርር ነው የተናገረው፤ ቺሊውን እየጎረሰ። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። እሱን ያባረረው ሌላ ነገር መስሎኝ ነበር፤ ሴት ልጅ፣ ከተማ፣ ዕድሜ። ለካ እኔው ነኝ። አፈርኩ፤ ያውም በሃያ ሰው ፊት።

«ዌንደል፣ ድምፅ እንስጥ?» አለች ሎርና አይኗን እየጠረገች።

«ቆይ፣ መጀመሪያ ደንቡን ላስተካክል» አልኩና የማርጎን ደብዳቤ ከኪሴ አውጥቼ ጀርባው ላይ ጻፍኩ። ጮክ ብዬም አነበብኩት፦ «ዕድሜው ከአስራ አራት ዓመት በላይ የሆነ አባል፣ ጓንትና መነጽር አድርጎ፣ ዝርዝሩ ጮክ ተብሎ እየተነበበለት፣ ወረቀት ያለው አዋቂ አጠገቡ ቆሞ፣ ፋብሪካ የሠራውን ሞተር ራሱ ይገጣጥማል። አዋቂው በየደረጃው ያያል፤ አደጋ ካላየ በስተቀር የሞተሩ መክደኛ እስኪዘጋ ድረስ ሁለቱም እጆቹ ኪሱ ውስጥ ይሆናሉ። የማቀጣጠያውን ሽቦ ግን መተኮሻው ላይ የሚያስገባው አዋቂው ብቻ ነው።»

«አፉስ?» አለች ሎርና። «አፉ የት ይሆናል?»

«ደንቡ ስለ እጅ ነው የሚናገረው።»

«ያሳዝናል።»

ከበርት በስተቀር ሁሉም እጁን አወጣ። በርት ነገር መቃወም ይወዳል፤ የምሳ ሰዓትንም ይቃወማል።

ሞተሩ እንደገና ተፈታ። ማርጎ ጓንትና መነጽሯን አድርጋ ተቀመጠች፤ ሎርና ዝርዝሩን ታነብላታለች፤ እኔ አጠገቧ ቆሜ እጆቼን ኪሴ ውስጥ ከተትኩ። እንደዚያን ቀን ጭንቅ ያየሁበት ጊዜ የለም። ግራሶውን እኔ በማደርገው መጠን ግማሹን ብቻ ቀባች፤ እጄን በላኝ። ዝርዝሩ ግን «በስሱ» ነው የሚለው። አንዷ ጥቅልል ነዳጅ ተንከባላ ወደ ጠረጴዛው ጫፍ ስትሄድ ሳላውቀው ክርኔ ተነሳ።

«ኪስ!» ብሎ ጮኸ ሰው ሁሉ በአንድ ድምፅ።

ማርጎ በመዳፏ ያዘቻት። ኪሴ ውስጥ አንድ እፍኝ የሱፍ ፍሬ ነበረኝ፤ ሦስተኛው ቀለበት ቦታው ላይ ሲገባ ፍሬው ደቅቆ ዱቄት ሆኗል። መክደኛውን ካጠበቀች በኋላ የሁለቱንም እጆቿን እጅጌ ገልብጣ፣ አገላብጣ ለሁላችንም አሳየችን። ማንን እየተናገረች እንደሆነ ገብቶኛል።

መተኮሻው ላይ ሽቦውን እኔ አስገባሁ፤ ሁላችንም ለደኅንነት ከተወጠረው ገመድ ጀርባ ተመለስን። ማርጎ ከአምስት ወደ ታች ቆጥራ ቁልፉን ተጫነች። ያ ድምፅ መጣ፤ አርባ ዓመት ሰምቼው ዛሬም ደረቴን የሚመታኝ። ብርቱካናማዋ ነጭ ጢሷን እየጎተተች ሽቅብ ወጣች፤ አነሰች፣ አነሰች፣ ጠፋች። ከዚያ ሰማዩ ላይ ቀይ ነጥብ ብቅ አለ።

«ፓራሹት!» ብላ ጮኸች ማርጎ፤ ወዲያው ፈረጠጠች። ነፋሱ ሮኬቷን ከሜዳው ወዲያ ወዳለው ወንዝ እየወሰደባት ስለነበር ሩጫውንም እዚሁ ሮጠችው። ቀና ስል ክሌይ ሳህኑን ወርውሮ፣ ባርኔጣውን ጥሎ፣ ቦርጩን እያነጠረ ይከተላታል። ተመልሰው ሲመጡ ሮኬቷን አንዱ ራሷን፣ ሌላው ጭራዋን ይዘው ነበር። ክሌይ ጉልበቱ ድረስ ጭቃ ነው። ክንፎቿን አንድ በአንድ ፈተሽኩ፤ ጭረት እንኳ የለም። የብቃት ወረቀቷ ላይ ስፈርም ስሜን የተሳሳተ መስመር ላይ ጻፍኩ። ማርጎ አይታ እንዳላየች ሆነች፤ ደግ ልጅ ናት።

ከሰዓት በኋላ ለራሴ ሮኬት ያመጣሁት አንድ ሞተር ቀርቶኝ ነበር። ጥቅሉን ይዤ ወደ ክሌይ ሄድኩ። ፒካፑ ኋላ ላይ ተቀምጦ ካልሲውን ይጨምቃል።

«አንተ ግጠመው» አልኩት።

«እኔ?»

«አርባ አራት ዓመትህ ነው። ደንቡ ይፈቅድልሃል።»

ካልሲውን ጣለ። ከዚያ በባዶ እግሩ ወደ ጠረጴዛው መጣ። ማርጎ ዝርዝሩን ጮክ ብላ አነበበችለት፤ ጓንት ሲረሳ ተቆጣችው። እኔ እዚያ ጫፍ ላይ ቆሜ ሁለቱንም እጆቼን ኪሴ ውስጥ ከተትኩ። ክሌይ ሁለቱን ቀለበቶች አስገብቶ የመጨረሻዋን፣ ቀጭኗን አነሳ፤ ወደ ብርሃኑ አዙሮ አያት፤ ግራሶ በስሱ ቀባትና አስገባት። ከዚያ ልክ በልጅነቱ እንደሚያደርገው ምላሱን በከንፈሩ ጥግ አውጥቶ ቀና አለ።

«ስንት ገባ፣ አባዬ?»

«ሦስት» አልኩት። ስቆጥር ነበርና።