የጤናዬ ፍትሐት

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ማንጠግቦሽ ሞኝ አልነበረችም፤ ማንበብም አታውቅም። ወረቀቱ ግን ያዛትና አልለቅ አላት።

ዘመኑ የጃንሆይ የመጨረሻ ዓመታት ነው። ማንጠግቦሽ ከሉማሜ የግማሽ ሰዓት መንገድ በምትርቅ መንደር ብቻዋን ትኖራለች። ጓዳዋን የተከራያት መምህር ሙላት ከፋሲካ በኋላ ከደብረ ማርቆስ አንድ ልብ ወለድ ይዞ መጣና፣ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ለመንደሩ ሴቶች ጮክ ብሎ ያነብላቸው ጀመር።

መጽሐፉ ውስጥ ጤናዬ የምትባል ልጅ አለች። ያልወደደችውን ባል እንቢ ብላ ከቤት ትጠፋለች። ከዓመታት በኋላ በባዶ እግሯ፣ ዝናብ እየወረደባት፣ አመሻሽ ላይ ወደ እናቷ ደጅ ትመለሳለች። «እናቴ፣ ክፈችልኝ፤ ውሃ ጠማኝ» ትላለች። እናት ቂም ይዛ አትከፍትም። ጠዋት ልጅቱ ከደጁ ሞታ ትገኛለች። እዚህ ላይ ሙላት ራሱ ዓይኑን ጠረገ፤ ሴቶቹም ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ተንሰቀሰቁ። ማንጠግቦሽ ግን እንባ አልወጣትም። ብድግ ብላ፣ «ይቺ እናት ናት? ማኅፀኗ ይንደድ። እኔ ብሆን በሩን ነቅዬ እጥለው ነበር» አለች።

የእሷም አንድ ልጅ፣ ሥራነሽ፣ እንደ ጤናዬ ባል እንቢ ብላ በጭነት መኪና ተሳፍራ ከጠፋች ሰባት ዓመት ሆኗታል። ዘመድ አዝማዱ ሙታለችና እርምሽን አውጪ፣ ፍትሐት አስፈቺላት ቢላት፣ ሬሳ ሳላይ አላለቅስም ብላ አሻፈረኝ እንዳለች ናት።

በሦስተኛው ቀን፣ ጀምበር ስትጠልቅ፣ ከደጇ ድምፅ ሰማች። «ውሃ ጠማኝ» ይላል። ከፈተች፤ ማንም የለም። በማግስቱም እንዲሁ ሆነ። ድምፁ አያንኳኳም፣ በሩን አይነካም፣ ይጠራል ብቻ። ማንጠግቦሽ ማንነቷን ለማወቅ ጠንቋይ አላስፈለጋትም፤ ጤናዬ ናት። በጣሳ ውሃ እየቀዳች ደጁ ላይ ታስቀምጥ ጀመር። ጠዋት ጣሳው ደረቅ ነው። ዶሮ ጠጥቶት ነው የሚል ካለ ይበል፤ ዶሮ በዚያ ሰዓት ቆጥ ላይ ነው። አንድ ቀን ደፍራ በበሩ ስንጥቅ ብታይ፣ ጭቃ የለበሱ ሁለት ባዶ እግሮች ቆመዋል። ስትከፍት መሬቱ ላይ ዱካ እንኳ አልነበረም።

ሙላትን ልጅቱን ቀበሯት ወይ፣ ፍትሐትስ ተፈታላት ወይ ብላ ጠየቀችው። እሱ እየሳቀ መጽሐፉ ደጁ ላይ እንደሚያልቅ፣ ደራሲው ከዚያ ወዲያ ምንም እንዳልጻፈ ነገራት። ያኔ ነገሩ ገባት። ያልተፈታላት ነፍስ የት ትሄዳለች? የሰማትን ሰው ደጅ ትዞራለች እንጂ።

ወደ ነፍስ አባቷ ወደ አባ ታረቀኝ ሄዳ ፍትሐት እንዲያደርሱላት ለመነቻቸው። ክርስትና ስሟን ጠየቁ። ያለ ክርስትና ስም ፍትሐት እንደማይደርስ ማንም ያውቃል፤ መጽሐፉ ግን አልነገራትም። ማንጠግቦሽ «ወለተ ሥላሴ» አለች። የሥራነሽ ስም ነው። ለአንዲት ምስኪን ስም ማዋስ ምን ይጎዳል ብላ ነው። አባ ታረቀኝ በመጨረሻ እርሟን ልታወጣ ነው ብለው መስቀላቸውን አሳለሟት። እሷም አላረመቻቸውም፤ ለመጽሐፍ ልጅ ነው ብትል ማን ይፈታላታል? ስለ ድምፁ ግን ነገረቻቸው።

«ከተፈታላት በኋላ ታርፋለች» አሉ። «ከዚያ ወዲያ በእሷ ድምፅ የሚጠራሽ ቢኖር እሷ አይደለችም። አቡነ ዘበሰማያት ድገሚ እንጂ እንዳትከፍቺ።»

ፍትሐቱ ተፈታ። መንደሩ ለሥራነሽ አለቀሰ፣ ማንጠግቦሽ ለጤናዬ አለቀሰች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ደጁ ዝም አለ፤ ጣሳውም እንደሞላ ያድር ጀመር። እፎይ አለች። ትንሽም ናፈቀቻት።

ሰኔ ገብቶ ዝናቡ በበረታበት አንድ አመሻሽ፣ ገና ኩራዟን ሳታበራ፣ በሩ ተንኳኳ።

«እናቴ፣ ክፈችልኝ።»

አቡነ ዘበሰማያት ጀመረች።

«እናቴ፣ እኔ ነኝ። ስለ ዝናቡ እንኳ ብለሽ አስገቢኝ።»

ድምፁ ከወትሮው ወፈር ያለ መሰላት፤ ጤናዬም አንኳኩታ አታውቅም። እጇ ወደ መወርወሪያው ሄደ። የአባ ታረቀኝ ቃል ትዝ ሲላት መለሰችው። «ተፈትቶልሻል፤ ሂጂ፤ እግዜር ያሳርፍሽ» አለች ጮክ ብላ። ብዙ ቆይቶ ከውጭ እግር ጭቃውን እየረገጠ ራቀ።

ጠዋት ስትወጣ ዱካ አለ። የጫማ ዱካ ነው። ጣሳው ተጠጥቶ በአፉ ተደፍቷል፤ አጠገቡም በጋዜጣ የተጠቀለለ አዲስ ነጠላ ተቀምጧል። ነጠላውን ይዛ እንደቆመች ሉማሜ ሻይ ቤት ያላት ማሬ እየሮጠች ደረሰች።

«እንኳን ደስ ያለሽ! የታለች ሥራነሽ? ማታ ከአውቶቡስ ስትወርድ ፍትሐትሽ ተፈትቷል ብንላት አላመነችንም እኮ። እናቴ ቆሜ እያለሁ እንዲህ አታደርግም ብላ ወዳንቺ ሮጠች።»

ማንጠግቦሽ ሉማሜ ስትደርስ ልጅቱን ጎህ ሳይቀድ አንድ የጭነት መኪና አሳፍሯት ሄዷል። ወዴት እንደሆነ ያየ የለም። ከዚያ ወዲህ ዝናብም ቢገባ፣ ጅብም ቢጮህ፣ በሯን ዘግታ አታውቅም። የሚጠራት ግን የለም።

እሑድ ሙላት ላልሰሙት ሴቶች መጽሐፉን ከመጀመሪያው አነበበላቸው። ደጁ ጋ ሲደርስ አንዷ እያለቀሰች የእናትየዋን ማኅፀን ረገመች። ማንጠግቦሽ አዲሱን ነጠላ ተከናንባ ጥግ ላይ ተቀምጣለች።

«ተይ፣ አትርገሚያት» አለች ቀስ ብላ። «የጻፈው ሰው አላወቀም። ቂም አልነበረም።»