ያልተከፈተው ብልቃጥ

የኔታ ወልደ ኢየሱስ በሞቱ በሦስተኛው ቀን ለቅሶ ቤቱ ዳስ ውስጥ ክርክሩ ጦፈ። እኔ የቀበሌው ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነኝ፤ ጥግ ይዤ እሰማለሁ። ማልቀስ ነበረብኝ፤ አልመጣልኝም። ከቀብሩ ጀምሮ ደንዝዣለሁ።

ደረሰ የሚባለው የሰፈራችን ሰው እንደ ልማዱ ስልኩን ይዟል። ይህ ሰው ኮሮና ከገባ ወዲህ ራሱን በራሱ የወረዳችን የጋዝጊብላ ሐኪም አድርጎ ሾሟል። ክትባቱ አይሠራም ባይ ነው፤ ፈረንጆቹ ራሳቸው ሁለቴ ሦስቴ ተወግተው ይታመማሉ ይላል፣ ከስልኩ እያነበበ። ደፍረው የሚመልሱለት የኔታ ብቻ ነበሩ። ይታመማሉ እንጂ እንደ ፊቱ አይሞቱም ይሉት ነበር፤ በገበያ ቀንም፣ ከቅዳሴ መልስም፣ ባገኙት ቦታ ሁሉ። ሰው ግን ስልኩን አመነ።

«የኔታ ጤና ኬላ ገብተው ሲወጡ በዓይኔ አይቻለሁ» አለ ደረሰ። «ተወግተው ነው የሞቱ። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ትፈልጋላችሁ?»

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ።

መግባቱንስ ገብተዋል። አንድ ማክሰኞ ብቻቸውን መጥተው ጋቢያቸውን ገለጥ አድርገው ክንዳቸውን ሰጡኝ። አንዱ ብልቃጥ ለአሥር ሰው ነው፤ ከተከፈተ በኋላ በስድስት ሰዓት ውስጥ ካላለቀ ይደፋል። ስንሠለጥን ሰው ሳይሞላ እንዳትከፍቱ ተብለናል። ስለዚህ ዘጠኝ ሰው ይዘው ይምጡ አልኳቸው። ቅር እንኳ አላላቸውም። በሰባ ስንት ዓመታቸው ምርኩዛቸውን ይዘው ሁለት ሳምንት ሙሉ ቤት ለቤት ዞሩ። ስድስት ሰው አገኙ። ሰባተኛውን እየፈለጉ ሳሉ ኮሮናው ያዛቸው፤ ሰቆጣ ሆስፒታል ሲደርሱም ትንፋሻቸው አልቆ ነበር።

ዝም ብል የመለስኳቸው እኔ መሆኔን የሚያውቅ ያለ አልመሰለኝም። ደረሰ ይረታል፣ ክትባቱ አይሠራም ተብሎ ይቀራል፣ እኔም ሥራዬንና ስሜን ይዤ እኖራለሁ። ብናገር ደግሞ ገዳያቸው እኔ ነኝ። ይህን ሳስብ እንኳ ምንም አልተሰማኝም፤ የሌላ ሰው ጉዳይ ይመስል ነበር።

«አልተወጉም» አልኩ ተነሥቼ። «ሰው አልሞላም ብዬ የመለስኳቸው እኔ ነኝ።»

አንዱ ወረዳ ቀርባ ትጠየቅ አለ፤ ሌላው ልጅቱ የታዘዘችውን ነው ያደረገችው አለ። ደረሰ ድሮም ጤና ኬላውን አላምነውም እያለ ይጮህ ጀመር። እኔ እንደ ቆምኩ ነኝ። የፈለጉትን ያድርጉኝ ብዬ ጠበቅኩ።

የየኔታ ባለቤት እማማ ወለተ ሐና ሦስቱን ቀን አንድ ቃል አልተነፈሱም ነበር። አሁን እጃቸውን አነሡ።

«ቁጭ በይ ልጄ» አሉኝ።

ተቀመጥኩ።

«ከጤና ኬላ እንደ ተመለሱ ከሁሉ ፊት ተወጊ ብለው የለመኑት እኔን ነው። ከቤቴ ልጀምር ብለው።» ወደ ደረሰ ዞሩ፤ ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም። «አንተን አምኜ እምቢ አልኋቸው።»