ሳይጮኹ የሚጫወቱ መዘምራን

የመዘምራኑ ወንዶች በሙሉ የኳስ ቡድን ነበሩ፤ ወይም የኳስ ቡድኑ በሙሉ መዘምራን ነበር፤ የትኛው እንደሚቀድም መጋቢውም በትክክል አያውቁም። ችግሩ ቅዳሜ ሜዳ ላይ ሲጮኹ ውለው እሁድ ጉሮሯቸው ተዘግቶ መምጣታቸው ነው። ባለፈው እሁድ ባለ ወፍራም ድምፆቹ «ሃሌ ሉያ» ሲሉ ዘይት ያጣ በር የተከፈተ መሰለ። ከፊት የተቀመጠ ሕፃን አለቀሰ።

የመዝሙር መሪያቸው የክትባት ክፍል ነርስ ናት። በዕድሜ የሚበልጧት ሳይቀሩ «እትዬ» ይሏታል። እውነተኛ ወንድሟ ግን አንዱ ብቻ ነው፤ መነጽር ሠሪው። እሱ የቡድኑ በረኛ ነው፤ መዝሙር ውስጥ ደግሞ ብቻውን የሚዘመር ስንኝ ካለ ለእሱ ይሰጣል።

ሰኞ ዕለት ሱቁ ድረስ ሄደች። የአንድ ደንበኛ መነጽር መስታወት ጠርዝ እያለሰለሰ ነበር።

«የዋንጫው ጨዋታ መቼ ነው?»

«እሁድ ከሰዓት።»

«የምስጋናው ጉባኤስ?»

«እሁድ... አመሻሽ ላይ።»

«መጨረሻውን ስንኝ ብቻውን የሚዘምረው ማነው?»

«እኔ ነኛ።»

«እንግዲያው ስማኝ። ድምፅህ ተዘግቶ ከመጣህ ከሁለቱ አንዱን ትተዋለህ፤ ወይ ጓንትህን ወይ መዝሙርህን። እየቀለድኩ እንዳይመስልህ።»

«እትዬ፣ ሁለቱንም ብወድስ?»

«መውደድህንማ አውቃለሁ። ጉሮሮህ ግን አንድ ነው።»

ስትወጣ መስታወቱ ተሰነጠቀበት። ኳስ አየር ላይ ሲይዝ የሚሰማው ደስታና ሲዘምር የሚሰማው ደስታ ከአንድ ምንጭ የሚቀዱ ይመስሉት ነበር። ሰጪው አንድ ከሆነ ከስጦታው አንዱን መልስ ብሎ ነገር ምንድን ነው?

አዲስ መስታወት እያለሰለሰ መፍትሔው መጣለት። መዘምራን እየዘመሩ አይነጋገሩም፤ የእትዬን እጅ ነው የሚያዩት። መዳፏ ወደ ታች ሲሆን ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፤ ጣቷ ወደ ቀኝ ሲዞር ባለ ቀጭን ድምፆቹ ይገባሉ። ታዲያ ሜዳ ላይስ መጮህ ለምን አስፈለገ? ቡድኑ ሳምንቱን ሙሉ በምልክት ሲለማመድ ሰነበተ። አንድ ምልክት ብቻ ተከለከለ። እትዬ ሁለት እጇን ከፍ ስታደርግ ሁሉም ባለበት ቆሞ፣ አየር በደረቱ ሞልቶ፣ እጇ እስኪወርድ አይንቀሳቀስም። ይህ በልምምድ ብዛት አጥንታቸው ውስጥ ገብቷል። ስለዚህ የቡድኑ አምበል፣ ፀጉር አስተካካዩ፣ «ሜዳ ላይ ሁለት እጅ ያነሳ ወዮለት!» ብሎ አስጠነቀቀ።

እሁድ ከዳቦ ጋጋሪዎች ቡድን ጋር ገጠሙ። መዘምራኑ ትንፍሽ ሳይሉ ኳሷን ያንሸራሽሯት ጀመር። ጋጋሪዎቹ ግራ ተጋቡ።

«ምን ሆነው ነው? ለቀብር ነው እንዴ የመጡት?»

«ዝም በል፣ እየጸለዩብን ነው!»

የመጀመሪያው አጋማሽ ያለ ጎል አለቀ። በሁለተኛው አጋማሽ እትዬ የመዘምራኑን ልብስ ተኩሳ ጨርሳ መጣችና ከመስመሩ ዳር፣ ከመጋቢው አጠገብ ቆመች። ወዲያው የጋጋሪዎቹ አጥቂ ኳሷን ይዞ ተፈተለከ። እትዬ ደነገጠች።

«ጌታ ሆይ!» ብላ ሁለት እጇን አነሳች።

ቡድኑ በሙሉ ቀጥ አለ። ደረቶች ተነፉ። መነጽር ሠሪው ራሱ እንደ ሐውልት ቆሞ ኳሷ ባጠገቡ እየተንከባለለች መረብ ስትገባ በዓይኑ ብቻ ሸኛት። ዳኛው ሳያውቅ ነፍቶ እንደሆነ ብሎ ፊሽካውን አገላብጦ አየ።

«እትዬ፣ እጅሽን!» አለ ፀጉር አስተካካዩ በታፈነ ድምፅ። እጇን ስታወርድ ሁሉም ባንዴ ተነፈሱ። ያን ጊዜ የሠራችው ገባትና ሁለት እጇን ከሥሯ አድርጋ ሳሩ ላይ ተቀመጠች።

«ልያዝልሽ?» አሏት መጋቢው።

«አይሳቁብኝ እባክዎ!»

ብዙም ሳይቆይ ፀጉር አስተካካዩ የማዕዘን ምት በግንባሩ ገጭቶ አገባ። እትዬ ዘለለች፣ መጋቢውን ትከሻቸውን ይዛ ነቀነቀቻቸው፣ አጠገቧ ያለውን ተመልካች አቀፈች። ተጫዋቾቹ ወደየቦታቸው ሲመለሱ ምስጋና ትዝ አላት። እጆቿ ወደ ሰማይ ወጡ፤ ረጅም ጸሎት ጀመረች።

ቡድኑ ደረቀ። ጨዋታው እንዲቀጥል ፊሽካ ተነፋ። አሁን ነገሩ የገባቸው ጋጋሪዎች በቆሙ ሰዎች መካከል እየተሳሳቁ አለፉ።

መነጽር ሠሪው ትንፋሹን እንደያዘ እህቱን አየ፤ እጇን ሳይሆን ፊቷን። ዓይኗ ተጨፍኗል። እትዬ መዘምራንን ስትመራ ዓይኗን ጨፍና አታውቅም፤ ማን እንዳዛጋ ሳይቀር ታያለች። እጇ የተነሳው ለእነሱ አልነበረም። አጥቂው ሲመታ ተነፈሰና ተወረወረ። ኳሷ ጓንቱ ውስጥ ገባች።

ግን ሌሎቹን በምን ይቀስቅሳቸው? ሁሉም የሚያዩት እሷን ነው። ማታ የሚዘምረው ስንኝ ትዝ አለው፤ አየር ሳበና ጮኸ።

«ለእኛ አይደለም! ለጌታ ነው! ሩጡ!»

«ሩጡ» ላይ ድምፁ ለሁለት ተሰነጠቀ። ቡድኑ ግን ነቃ። ጋጋሪዎቹ በሙሉ ወደ ፊት ሄደው ስለነበር ፀጉር አስተካካዩ የተወረወረለትን ኳስ ይዞ ባዶ ሜዳ ላይ ከነፈ። ከዚያ በኋላ ዝም ያለ ሰው የለም። የማሸነፊያው ጎል ሲቆጠርማ ከሁሉም በላይ የጮኸችው ዓይኗን የገለጠችው ነርስ ነበረች።

አመሻሽ ላይ ቤተ ክርስቲያኑ ጢም ብሎ ሞላ። የመጨረሻው ስንኝ ደረሰ። መነጽር ሠሪው አፉን ሲከፍት ቀጭኑ ድምፅ የለም፤ የቀረው የታችኛው ብቻ ነበር። በዚያው ዘመረው፤ ከወለል በታች የሚወጣ በሚመስል ድምፅ፣ ከልቡ። ልጆች ሳቁ። መጋቢው ሊቆጧቸው ፊታቸውን ሲያዞሩ እሳቸውንም ሳቅ አመለጣቸው።

ከጉባኤው በኋላ በአንድ እጁ ጓንቱን፣ በሌላው የመዝሙር ልብሱን ይዞ ወደ እህቱ ቀረበ።

«ውሰጂ» አለ እየሻከረ። «እኔ መምረጥ አቅቶኛል። የፈለግሽውን ውሰጂ።»

እትዬ አፏን ከፈተች። ምንም አልወጣም። ጉሮሮዋን ጠራረገችና በሹክሹክታ፣

«ጩኸት ከሆድ ነው እንጂ ከጉሮሮ አይወጣም» አለችው። «ነገ ሁላችሁም ኳስ ይዛችሁ ኑ። መጮህ አስተምራችኋለሁ።»

«አንቺን ማን ያስተምርሻል?»

መልስ ልትሰጥ ሞከረች፤ የወጣው ፉጨት ብቻ ነበር። ሁለቱም ድምፅ በሌለው ሳቅ ፍርስ አሉ።